እርጅና ነው ወይስ መጠጥ?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

በየጣቢያው ደብተራችሁን ዘርግታችሁ የምትጠብቁ ተማሪዎች፣ ከሥራ ተመልሳችሁ አረፍ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ይህንንም ንግግር ለተማሪዎቻችሁ የምታብራሩ የጣቢያ አስተማሪዎች፣ የዛሬው ርእሳችን ስለ መጠጥና ስለ አረጋውያን አእምሮ ነው። ምሳሌውን የምወስደው ከሩቅ አገር፣ ከደቡብ ኮሪያ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በኋላ እንዳያደናግራችሁ።

ለምን ኮሪያ? የሚል ይኖራል። ኮሪያ ለጆሯችን እንግዳ አይደለችም። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ሲወርድ ወታደሮቻችን በየመንገዱ ዳር ያዩዋቸው ሕፃናት ዛሬ በሰማንያ ዓመት አካባቢ የሚገኙ አዛውንት ሆነዋል። እንግዲህ የምንናገረው ስለ እነዚያ ልጆች ነው። ከዚህም ሌላ አገሪቱ በጣም በፍጥነት አርጅታለች። በ2024 መጨረሻ ላይ ከ100 ኮሪያውያን 20ው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። ጤናቸውንም በየጊዜው እየመረመሩ ስለሚመዘግቡት፣ ሌላው በግምት የሚያወራውን እነሱ በቁጥር ይናገሩታል።

በ2023 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከ100 የኮሪያ አረጋውያን ዘጠኙ ያህል የመርሳት በሽታ አለባቸው። ሌሎች 28 ያህሉ ደግሞ ቀለል ያለ፣ ነገር ግን ሊከፋ የሚችል የማስታወስ ድክመት ይታይባቸዋል። ይህ ሁሉ በመጠጥ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። አብዛኛው አልዛይመር የሚባለው በሽታ ነው፤ እሱን ደግሞ እስከ ዛሬ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። መጠጥ የሚያመጣው ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ክፍል ነው። ነገር ግን ያ ጥቂት ክፍል ሊቆም የሚችል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል በመሆኑ ነው ዛሬ ጊዜያችሁን የምወስደው።

እስቲ አንድ ሽማግሌ በሐሳባችን እንሳል። በአንድ የኮሪያ ገጠር ይኖራሉ፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዱን ነገር በአንድ ምሽት ሦስቴ ይጠይቃሉ። ቁልፍ ይጠፋባቸዋል። ድሮ ያልነበረ ቁጣ መጥቶባቸዋል። ምራታቸው «አርጅተዋል፣ ምን ይደረግ» ትላለች። ጎረቤትም «እርጅና ነው» ይላል። ከአልጋው ሥር የተደረደረውን ባዶ ጠርሙስ ግን የሚቆጥር የለም። ሐኪሙም ካልጠየቀ የሚነግረው አይኖርም።

ጠርሙሱ የሶጁ ነው። ሶጁ የኮሪያ አረቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አረቄ የማውጣትን ጥበብ ወደ ኮሪያ ያስገቡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወረሯት ሞንጎሎች ናቸው። በኬሶንግ ከተማ አካባቢ ሶጁን «አራክ ጁ» ይሉት ነበር። አራክ በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ስለሚመስል ነው። የእኛም አረቄ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ የኮሪያው ሽማግሌና የእኛው ሽማግሌ ሳይተዋወቁ ባንድ ቃል ይጠጣሉ።

ቀድሞ ሶጁ የሚወጣው ከሩዝ ነበር። በ1965 እህል ስላጠረ መንግሥት ሩዝ ለሶጁ እንዳይውል ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ከስኳር ድንችና ከካሳቫ ጠንካራ አልኮል እያወጡ፣ በውሃ እያቀጠኑና ማጣፈጫ እየጨመሩ መሸጥ ያዙ። መጠጡ ረከሰ፣ በየሱቁም ገባ። ከሱ ሌላ ማኮሊ የሚሉት አላቸው፤ ከሩዝ የሚጠመቅ፣ ደፍረስ ያለ፣ ለጠላ የሚቀርብ መጠጥ ነው። ገበሬው እርሻው ላይ ከምግብ ጋር ይጠጣዋል። በኋላ የምናገረው ግን በተለይ ስለ ሶጁ ነው።

አሁን እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። አንድ የሶጁ ጠርሙስ 360 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በ1970ዎቹ ዓመታት ከመቶው 25 እጅ አልኮል ነበር፤ ዛሬ እየቀጠነ ሄዶ 16 እጅ ያህል ሆኗል። 360ን በ16 አባዝታችሁ ለ100 ብታካፍሉት 57 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ታገኛላችሁ። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል ይህ ሲመዘን 46 ግራም ያህል ነው። አንድ ጠርሙስ ሰባት መለኪያ ይወጣዋል። እንግዲህ በአንድ መለኪያ ከስድስት ግራም በላይ ንጹሕ አልኮል አለ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በደብተራችሁ ጥግ ጻፉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ሰባቱ መለኪያ ኮሪያውያን የሚቀልዱት ቀልድ አለ። ሰባት ለሁለት ቢካፈል አንድ ይተርፋል፤ ለሦስት ቢካፈል አንድ ይተርፋል፤ ለአራት ቢካፈል ሦስት ይተርፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሌላ ጠርሙስ መክፈት ግድ ነው ይላሉ። መጠጥ ባይሆን ኖሮ ማካፈልን ለማስተማር ግሩም ምሳሌ ነበር።

የአጠጣጡም ሥርዓት መነገር አለበት፤ ችግሩ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነውና። በኮሪያ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ሌላው ይቀዳለታል። ታናሽ ለታላቁ በሁለት እጁ ይዞ ይቀዳል። ታላቅ የሰጠውን ሲጠጣም ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ በታላቅ ፊት ለፊት መጠጣት ነውር ነው። የታላቅ መለኪያ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ መተው ደግሞ ቸልተኛነት ነው። በየመሥሪያ ቤቱም ሆይሺክ የሚባል የማታ ግብዣ አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አገሪቱ ፋብሪካና መርከብ ስትሠራ፣ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ማታ ማታ ይጠጣ ነበር። ለአለቃ «በቃኝ» ማለት የሚደፈር አልነበረም። ወጣቶቹ ዛሬ ይህን ልማድ እየተዉት ነው። አባቶቻቸው ግን እንዲህ እየጠጡ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሲወጡ ጓደኛው እዚያው ቀረ፣ ጠርሙሱ አብሯቸው ወደ ቤት ገባ።

ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ልጆች ወደ ሴኡልና ወደ ሌሎች ትላልቅ ከተሞች ሄደዋል። ከአሥር የኮሪያ አረጋውያን ወደ አራት የሚጠጉት ገቢያቸው ከአገሩ መካከለኛ ገቢ ግማሽ በታች ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሞቶ፣ ሳይታወቅ ቆይቶ ሲገኝ ኮሪያውያን «ኮዶክሳ» የሚሉት ስም አላቸው፤ የብቸኝነት ሞት እንደ ማለት ነው። እንዲህ ከሚሞቱት አብዛኞቹ በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ናቸው። ሰው ከሰው ሲርቅ የሚጠጣውን የሚያይለት፣ የሚረሳውንም የሚያስታውስለት አይኖርም።

በመካከላቸው ልጅ ያላቸውም ቢሆኑ ልጁ ዝም ይላል። አባትን «መጠጥ አበዙ» ማለት ድፍረት ነው፤ ስለዚህ በሁለት እጁ ይዞ ይቀዳል። «በዚህ ዕድሜ ምን ቀራቸው፣ ይጠጡ» የሚለው አባባል በእኛም ሰፈር የሚጠፋ አይመስለኝም። እንደኔ እንደኔ፣ አባትን ማክበር ማለት የሚጎዳውን እያወቁ መለኪያውን መሙላት ከሆነ፣ አክብሮቱ እንደገና መታየት አለበት።

ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ሰው ሲያረጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀንሳል። አልኮል ደግሞ የሚበረዘው በዚያ ውሃ ነው። ስለዚህ በአርባ ዓመቱ ምንም ያላደረገው ያው ሦስት መለኪያ በሰባ ዓመቱ ከፍ ብሎ ይመታዋል። ጉበትም ሥራው ይዘገያል። በዚህ ላይ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ የሚዋጡ ክኒኖች አሉ፤ በተለይ የእንቅልፍ ክኒንና መጠጥ ሲገናኙ ሰውየው ማታ ሲነሣ ይወድቃል። ጭንቅላቱን ተመትቶ በውስጥ ቀስ እያለ ደም ቢፈስ፣ ከሳምንታት በኋላ መዘበራረቅ ሲጀምር አሁንም «እርጅና ነው» ይባላል። ኮሪያውያን ሌላም ጣጣ አለባቸው። ከአሥሩ ሦስቱ ያህል አልኮል ሲፈርስ የሚወጣውን መርዝ ቶሎ የሚያጠፋው ነገር በተፈጥሮ ይጎድላቸዋል። በአንድ መለኪያ ፊታቸው ቲማቲም ይመስላል። ሰውነታቸው «ተው» እያላቸው ነው፤ ግብዣው ግን «ጠጣ» ይላቸዋል።

ሰክረው ያደሩበትን ሌሊት አለማስታወስን ኮሪያውያን «ፊልሙ ተቆረጠ» ይሉታል። ጥሩ አድርገው ነው የገለጹት። በአንጎላችን ውስጥ የዛሬን ነገር ወስዶ ለነገ የሚያስቀምጥ አንድ ክፍል አለ፤ ሂፖካምፐስ ይሉታል። አልኮል በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባ ይህ ክፍል መጻፉን ያቆማል። ሰውየው ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ሒሳብም ይከፍላል፤ ግን አልተመዘገበም። በማግስቱ ጓደኞቹ እየነገሩት ይስቃል። ፊልሙ ደጋግሞ የሚቆረጥበት ሰው ግን ሳቁን ትቶ ሐኪም ቢያነጋግር ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ቶሎ ከታወቀ በጣም ርካሽ መድኃኒት ያለው ነው። ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ አንድ የሚባል ነገር በጥራጥሬና ብዙ ባልተፈተገ እህል ውስጥ ይገኛል። አንጎል ያለሱ ምግቡን ወደ ኀይል መለወጥ አይችልም። ሰውነታችን የሚያከማቸውም ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃውን ብቻ ነው። ጠጪ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንደኛ መጠጡ ስለሚያጠግበው ምግብ ይተዋል፤ ሁለተኛ የበላውን ቪታሚን አልኮሉ በአንጀት በኩል በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ቢ አንድ ሲያልቅ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ የዐይኑ እንቅስቃሴ ይዛባል። እነዚህን የበሽታ ምልክቶች ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ በ1881 ጽፏቸዋል። አያችሁ ችግሩን? የሚንገዳገድና ግራ የገባው ጠጪ ሲታይ ሁሉም «ሰክሯል፣ ይተኛ» ይላል። እሱ ግን በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው የቢ አንድ መርፌ ነው።

መርፌውን ሳያገኝ ቢቀር ከሞት ቢተርፍ እንኳ ሌላ ነገር ይከተላል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮፍ በ1887 እንደ ገለጸው፣ ሰውየው አዲስ ነገር መያዝ ያቅተዋል። የልጅነቱን ያስታውሳል፣ የጠዋቱን ቁርስ አያስታውስም። ክፍተቱንም በፈጠራ ይሞላዋል። ትናንት የት ዋልክ ቢሉት «ገበያ ሄጄ ከእገሌ ጋር ስንጫወት ዋልን» ይላል። ገበያ አልሄደም፤ እገሌም ከሞተ ቆይቷል። እየዋሸ አይደለም፤ እሱ ያምነዋል። ቤተሰብ ይህን ካላወቀ «ውሸታም ሆነ» ብሎ ይጣላዋል።

ከአልዛይመር የሚለይበትም መንገድ አለ። አልዛይመር ቀስ በቀስ ቃላትን ሳይቀር ይወስዳል። መጠጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ፊተኛውን የአንጎል ክፍል ነው፤ ማቀድን፣ ማመዛዘንን፣ ራስን መግታትን። ንግግር ብዙም አይነካም። ስለዚህ ሽማግሌው ጥሩ አድርገው ያወጋሉ፣ ይቀልዳሉ፤ የመብራት ሒሳብ ግን ለሦስት ወር አልተከፈለም፣ ገንዘቡም ላልታወቀ ሰው ተሰጥቷል። መጠጡን ያቆመ ሰው አእምሮው በወራት ውስጥ በከፊል ሲያገግም ይታያል። አልዛይመር ይህን ዕድል አይሰጥም። «እርጅና ነው» ብሎ መዝጋት ይህን ዕድል አብሮ መዝጋት ነው።

አሁን በደብተራችሁ ጥግ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡልኝ። በ2023 የታተመ አንድ የኮሪያ ጥናት 3.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ተከታትሏል። ሰዎቹ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው። በ2009 ምን ያህል ይጠጡ እንደ ነበር፣ በ2011 ደግሞ ምን ያህል እንደሚጠጡ ተመዝግቦ፣ ከዚያ ወዲህ ማን የመርሳት በሽታ እንደ ያዘው ታየ። በቀን 30 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣታቸውን የቀጠሉት ሰዎች ካልጠጡት ይልቅ ለበሽታው የመጋለጣቸው ዕድል በመቶ 8 እጅ በልጦ ተገኘ። 30 ግራም ስንት መለኪያ ነው? ለስድስት ግራም ከምናምን አካፍሉት፤ አምስት እንኳ አይሞላም። ብዙ ከሚጠጡት መካከል ወደ መካከለኛ መጠን የቀነሱት ደግሞ እንደ ነበሩ ከቀጠሉት ይልቅ አደጋቸው በመቶ 8 እጅ አነሰ። መቀነስ ብቻውን ይህን ያህል ሠራ ማለት ነው።

በዚሁ ጥናት ጠጪዎች የሚወዱትም ውጤት አለ፤ ደብቄ አላልፈውም። በቀን ከ15 ግራም በታች፣ ማለትም ሁለት መለኪያ ያህል ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ፈጽሞ ካልጠጡት ይልቅ በበሽታው የተያዙት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። ከማይጠጡት መካከል ታመው፣ ሐኪም ከልክሏቸው የተዉ አሉ። በመጠን የሚጠጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤናቸውም ኑሯቸውም የተሻለ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው መለኪያው ነው ለማለት አይቻልም። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ለአእምሮው ብሎ ይጀምር የሚል ሐኪም የለም።

እኔን እንደ አስተማሪ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። መጠጥ ማብዛት አንዱ ነው። የትምህርት ማነስም አንዱ ነው። ማንበብና መጻፍ አንጎልን በብዙ መንገድ ስለሚያሠራው፣ በኋላ ጉዳት ሲመጣ ተጠባባቂ ጉልበት ይኖረዋል ይላሉ። የኮሪያ አረጋውያን ከሁለቱም ወገን ተጎድተዋል። አገሪቱ በ1945 ከጃፓን አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ከ100 ሰው 78 ያህሉ ማንበብ አይችልም ነበር። በ1950ዎቹ ሰፊ የፊደል ዘመቻ ተደረገ፤ በዐሥርቱ መጨረሻ የመሃይማኑ ቁጥር ከመቶ ወደ 4 ያህል ወረደ ተባለ። ሆኖም ብዙ የገጠር ሴቶች ወንድሞቻቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሻ ላይ ቀሩ። በቺልጎክ ወረዳ እንዲህ የቀሩ እናቶች በሰባና በሰማንያ ዓመታቸው ፊደል ተምረው ግጥም ጽፈው አሳትመዋል፤ በ2020 የአምስቱ የእጅ ጽሕፈት ለኮምፒዩተር የፊደል ቅርጽ ሆኖ ወጥቷል። በየጣቢያው «አርጅቼአለሁ፣ አይገባኝም» የምትሉ ይህን ስሙ።

ነገሩ ከምርመራውም ጋር ይያያዛል። የመርሳት በሽታ የሚመረመረው በጥያቄ ነው። ዛሬ ምን ቀን ነው? ከ100 ሰባት ሲቀነስ ስንት ነው? ይህን ዐረፍተ ነገር አንብብ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እዚህ ላይ ብትወድቅ አእምሮዋ ደክሟል ማለት አይደለም። የተማረ ጠጪ ደግሞ አፉ ስለሚፈታ ሊያልፈው ይችላል። ኮሪያውያን ይህን አውቀው ውጤቱን ከዕድሜና ከትምህርት ደረጃ ጋር እያነጻጸሩ ያያሉ። በ2017 መንግሥቱ ለመርሳት በሽታ ኀላፊነት እወስዳለሁ ብሎ፣ በመላው አገሪቱ 256 ማእከሎች አቋቁሟል። 60 ዓመት የሞላው ሁሉ በነፃ ይመረመራል። ቢሆንም የሚያፍሩ ብዙ ናቸው። የበሽታው ስም በኮሪያኛ «ቺሜ» ነው፤ የተጻፈባቸው ሁለቱ የቻይና ፊደሎች ሁለቱም ሞኝነትን ያመለክታሉ። አባቱን በዚህ ስም ለማስጠራት የሚቸኩል ልጅ የለም። ስሙ ይቀየር የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው።

ለቤታችን የሚሆን ነገር ሳልሰጣችሁ አልሄድም። በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ስለ መጠጥ የሚጠይቋቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የጣቢያ አስተማሪዎች በሰሌዳ ጻፉልኝ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲናገርዎት ተናደው ያውቃሉ? ስለ መጠጣትዎ ተጸጽተው ያውቃሉ? ጠዋት ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ ለመረጋጋት ጠጥተው ያውቃሉ? ከአራቱ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ መልካም ነው። አባትን ሲጠይቁ በእንግዳ ፊት አይሁን፤ በጠዋት፣ ሳይጠጡ፣ «አንቱ» እየተባለ፣ ከክኒናቸው ወሬ ጋር አያይዞ ይሁን። «ይህ ክኒን ከአረቄ ጋር ይስማማል ወይ፣ ሐኪም እንጠይቅ» ማለት ማንንም አይደፍርም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ለብዙ ዓመት በየቀኑ በብዛት የጠጣን አረጋዊ ይህን ንግግር ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ጠርሙሱን አትንጠቋቸው። በድንገት ሲቋረጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይወርዳል፣ የሌለ ነገር ይታያል፣ እንደሚጥል በሽታም ሊጥላቸው ይችላል፤ ሕይወትም ያልፋል። አስቀድማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ምን ክኒን እንደሚውጡ፣ መቼ እንደ ወደቁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ስለ ቫይታሚን ቢ አንድ ሳይጠቅስ ቢቀር እናንተው ጠይቁት።

ደኅና እደሩ።